አይሻ ያልደረሰችው ፖስታ

ጥያቄ፦

ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የድሬዳዋ ተወላጅና ነዋሪ ስሆን ዕድሜዬ 53 ዓመት ነው። የ12ኛ ክፍል ትምህርቴን በ1982 ዓ.ም. እዚሁ ድሬዳዋ ጨርሼ ማትሪክ ከተፈተንሁ በኋላ፣ ውጤት እስኪመጣ ድረስ ክረምቱን ሥራ ፈትቼ ከምቀመጥ ብዬ የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረው አጎቴ ዘንድ ወደ አይሻ ሄድሁ። አባቴ በሕይወት አልነበረም፤ እናቴም ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ አብሮኝ የተቀመጠው፣ እናቴም እንደ ልጇ የምታየው ጓደኛዬ ውጤት እንደተለጠፈ በባቡር ሠራተኞች እጅ ደብዳቤ እንዲልክልኝ ተስማምተን ተለያየን።

ከድሬዳዋ የሚመጣ ባቡር አይሻ በቆመ ቁጥር ወደ ጣቢያው እየሮጥሁ ጠየቅሁ። ደብዳቤው አልመጣም። ወድቄ ነው፣ ሊያሳፍረኝ ስላልፈለገ ነው ዝም ያለኝ ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ወደ ድሬ ስመለስ ግን 3.2 ነጥብ አምጥቼ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመድቤ እንደነበረና የምዝገባው ቀን እንዳለፈ ሰማሁ። ጓደኛዬ ደብዳቤውን እንደላከውና መንገድ ላይ ጠፍቶ ሊሆን እንደሚችል ነገረኝ፤ እኔም አመንሁት። በዓመቱ እንዳልሞክር እናቴ ታመመች፣ አገሩም ተለዋወጠ። የመካኒክ ረዳት ሆኜ ተቀጠርሁ፤ ዛሬ የባጃጅ መጠገኛ ጋራዥ አለኝ፣ ሦስት ልጆች አሳድጌአለሁ፣ ትልቋም ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃለች።

ባለፈው ታኅሣሥ ለቁልቢ ገብርኤል ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም የመጡ የክፍላችን ልጆች ከዚራ በአንዷ ጓደኛችን ግቢ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ሻይና ሙሸበክ ቀረበ፤ የክፍላችን ፎቶግራፍም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከዚያም እያንዳንዱ ያመለጠውን ዕድል መተረክ ጀመረ። አንዷ ኩባ የመማር ዕድል አግኝታ እናቷ ባቡሩ ላይ እንዳትወጣ እንዴት ቀሚሷን ይዘው እንዳስቀሯት ነገረችን። አንዱ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ እስከ ቀፊራ ድረስ ከኋላዋ እየተከተለ አንድም ቀን ሳያናግራት የቀረችውን ልጅ አነሣ፤ እርሷም እዚያው ተቀምጣ ትሰማው ነበር። ስንሥቅም ስናለቅስም ቆየን። ተራው ጓደኛዬ ላይ ደረሰ።

እንዲህ አለ፦ “እኔ 1.8 ነበር ያመጣሁት። ያንተን ውጤት ሳይ ደብዳቤውን ጻፍሁ፣ ፖስታው ላይ የአጎትህን ስም ጽፌ ለገሃር ሄድሁ። ባቡሩ እስኪነሣ በመስኮቱ ሥር ቆምሁ፣ እጄ ግን አልዘረጋ አለኝ። አንተም ከሄድህ ማን ይቀረኛል ብዬ ፈራሁ። አፉ በለኝ።”

ግቢው ጸጥ አለ። ከዚያም አንዱ “አቦ ያለፈ ነገር ነው፣ ተወው!” አለ፤ ሌሎቹም ሁለታችንን አስነሡን፤ አስተቃቀፉን፤ ፎቶግራፍም አነሡን። እኔም አቀፍሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጓደኞቼ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይሉኛል። ባለቤቴ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው ትለኛለች። ለሐምሌ ገብርኤል ደግመን ለመገናኘት ቀጠሮ ተይዟል። መሄድ ይገባኛል? ለመሆኑ ይቅር ብዬዋለሁ ወይስ አላልሁም? ደግሞም በዚህ ዕድሜዬ ልማር ብል ሞኝነት ይሆን?

ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦

የተከበሩ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ በሁለተኛው ንባብም ያስቆመኝ ያው የመጀመሪያው ስፍራ ነው። ጓደኛዎ ረስቶ አልነበረም። ጽፏል፣ አሽጓል፣ የአጎትዎን ስም በፖስታው ላይ አስፍሯል፣ በእግሩ ለገሃር ድረስ ሄዷል፣ ባቡሩ እስኪነሣም ቆሟል። እንቅልፍ የነሣዎትም ይህ ይመስለኛል፤ የጠፋ ደብዳቤ ዕጣ ፈንታ ነው ተብሎ ይታለፋል፣ በመስኮት ሥር እጅ ውስጥ የቀረ ደብዳቤ ግን ባለቤት አለው። ስለዚህ ቁጣዎ ክፋት ወይም የእምነት ጉድለት እንዳይመስልዎት እለምንዎታለሁ። ጉዳዩ ለጓደኛዎ የ35 ዓመት ይሁን እንጂ ለእርስዎ ገና የጥቂት ወራት ነው።

ይቅር ብለዋል ወይ ለሚለው ጥያቄዎ መልሴ ገና አልተጠየቁም የሚል ነው። ይህን የምለው ጓደኛዎ “አፉ በለኝ” ማለቱን ዘንግቼ ሳይሆን በአገራችን እርቅ እንዴት እንደሚካሄድ ስለማውቅ ነው። ሽማግሌ ሁለት ሰዎችን ሊያስታርቅ ሲቀመጥ በዳይ ጥፋቱን ያምናል፤ ከዚያ ተበዳይ እስኪበቃው ድረስ የደረሰበትን ይናገራል፣ በዳይም አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፤ ከዚያ ካሳው ይቆረጣል፤ መሳሳምና መመራረቅ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከዚራ በነበረው ግቢ የሆነው ግን ሌላ ነው። ጓደኛዎ አመነ፤ ወዲያውም ወደ መተቃቀፉ ተዘለለ። የእርስዎ ተራ ተዘለለ ማለት ነው። የክፍል ጓደኞችዎ ይህን ያደረጉት ከክፋት አይደለም፤ ከስንት ዓመት አንድ ጊዜ የተገኘ ቀን እንዳይበላሽ ሳስተው ነው። ይሁንና አንድም ቃል ሳይናገሩ በሰው ፊት ያቀፉ እጆች እርቅ ፈጽመዋል ብዬ ልነግርዎ አልችልም።

ሃይማኖቶቻችንም ቢሆኑ ነገሩን እንዲህ በአጭሩ አይቆርጡትም። በኦርቶዶክሱ ሥርዓት ንስሐ የገባ ሰው ተናዝዞ ብቻ አይሄድም፤ ከንስሐ አባቱ ቀኖና ይቀበላል። በእስልምናም የሰው ሐቅ የነካ ሰው ወደ አላህ ከመመለሱ ጋር ወደ ባለሐቁም ሄዶ አፉታ መጠየቅና የወሰደውን መመለስ ይጠበቅበታል። የከተማችሁ ሰው “ሐቄን” ሲል ምን ያህል ከብዶት እንደሚናገር እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ባለቤትዎ የጠቀሱት ተረትም እውነት አለው፤ ነገር ግን ቂም የሚባለው የመናገር ዕድል አግኝቶ ሳይናገር በሆዱ የያዘ ሰው ነገር ነው። እርስዎ ገና ዕድሉን አላገኙም።

ስለ ጓደኛዎም አንድ ነገር ልበል። ቶማስ ጊሎቪችና ቪክቶሪያ ሜድቬክ የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው በቅርብ ጊዜ ውስጥ ይበልጥ የሚያንገበግበው አድርጎ የተሳሳተው ነገር ሲሆን፣ ዘመን በረዘመ ቁጥር ግን የሚቆጨው ሳያደርገው የቀረው እንደሆነ አሳይተዋል። ያደረግነው ነገር መጨረሻው ይታወቃል፤ ያላደረግነው ግን መጨረሻ ስለሌለው አእምሮ በየጊዜው እየቀጠለው ይሄዳል። በዚያ ግቢ የተተረኩትን ያስታውሱ፤ ያልተናገረው አፍቃሪ፣ ባቡሩ ላይ ያልወጣችው ልጅ፣ ያልተዘረጋው እጅ፣ ሁሉም ሳይደረጉ የቀሩ ናቸው። ጓደኛዎ ያችን ፖስታ በ1982 ክረምት ለገሃር ላይ መስጠት አቅቶት ይህን ያህል ዘመን ተሸክሟታል። ይህ ጥፋቱን አያቀልለትም። ማንም ሳያስገድደው በሰው ሁሉ ፊት መናገሩ ግን ቀላል ነገር አይደለም፤ ዝም ብሎ መኖር ይችል ነበርና።

አሁን የሚከብደውን ልናገር። የተወሰደብዎትን በልኩ ይመዝኑት ዘንድ እፈልጋለሁ፤ ሳያሳንሱም ሳያተልቁም። በዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲ መግባት ምን እንደነበረ አውቃለሁ። እኔ ሐረር ያደግሁ ነኝ፤ ውጤት የተለጠፈ ዕለት ከሰሌዳው ፊት ተጨናንቀን በጣታችን ስማችንን ስንፈልግ፣ አንዱ ጮኾ ሲዘል ሌላው ሹልክ ብሎ ወደ ጁገል ሲያቀና አይቻለሁ። ከአምስት ትምህርት 3.2 ማምጣት ትልቅ ነገር ነበር፤ አገሪቱ በሙሉ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩና። የጠፋብዎት እውነተኛ ነገር ነው።

ነገር ግን ሌሊት ሌሊት በሐሳብዎ የሚኖሩትን ያን ሌላ ሕይወት አንድ ጊዜ ከዘመኑ ታሪክ ጋር ያስተያዩት። በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቢገቡ ኖሮ፣ ደርግ ሊወድቅ ወራት ሲቀሩት ትምህርት ተቋርጦ ተማሪዎች ለወታደራዊ ሥልጠና ብላቴ ወደሚገኘው ማሠልጠኛ ሲላኩ ከእነርሱ አንዱ ይሆኑ ነበር። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከብላቴ ተበትነው ድንበር ተሻግረው ኬንያ የገቡ ብዙ ናቸው። ተመልሰው መማር የቀጠሉትም በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. በተነሣው የተቃውሞ ሰልፍ አንድ ተማሪ ሲገደል፣ ዩኒቨርሲቲው ለወራት ሲዘጋ፣ በዚያው ዓመትም ከ40 በላይ መምህራን ሲሰናበቱ አይተዋል። ከእነዚያ ተማሪዎች መካከል ትልቅ ደረጃ የደረሱ አሉ፤ በስደት የቀሩም አሉ። እንኳን ቀረብዎ ልልዎት አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ማጽናኛ አልወደውም፣ እርስዎም አይወዱትም። ማለት የፈለግሁት ጓደኛዎ በእጁ ያስቀራት ፖስታ ውስጥ የነበረው የምዝገባ ቀን እንጂ የተሠራ ቤት፣ ዲግሪና ያልታመመች እናት አልነበረም። በፊቱ ሲቀመጡ የሚጠይቁት ዕዳ በትክክል ያ ይሁን፤ ከዚያ ያለፈውን ቢጠይቁት እርሱም ሊከፍል፣ እርስዎም ሊቀበሉ የማትችሉት ይሆናልና።

ስለ ሐምሌ ገብርኤል ያለኝ አስተያየት ቁርጥ ያለ ነው። ወደ ስብሰባው ከመሄድዎ በፊት ጓደኛዎን ለብቻው ያግኙት። በሰው መካከል አይሁን፤ ሰው ባለበት ሁሉ ተወው የሚል አይጠፋም። ሽማግሌም ለጊዜው አያስፈልግም። የት እንደምትገናኙ እርስዎ ይምረጡ፣ ለገሃርን ግን አልመክርም፤ ቦታው ራሱ ብዙ ይናገራልና የእርስዎን ቃል ይሻማል። ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ሥራ ከተዘጋ በኋላ በገዛ ጋራዥዎ ቢሆን መልካም ነው፤ ያ ሕይወትዎን የሠሩበት ስፍራ ነው፤ ጓደኛዎም እዚያ ተቀምጦ ሊያየው ይገባል። ከ1982 ክረምት ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ይንገሩት፦ ባቡር በመጣ ቁጥር ወደ አይሻ ጣቢያ መሮጥዎን፣ ወድቄአለሁ ብለው ያፈሩበትን ክረምት፣ እናትዎ ምን እንዳሉ። እስኪጨርሱ እንዳያቋርጥዎት አስቀድመው ይንገሩት። ከዚያም እርሱ ብቻ የሚመልሰውን ጠይቁት፤ ያች ፖስታ በኋላ ምን ሆነች? ቀደዳት? አቃጠላት? ወይስ እስከ ዛሬ ከአንድ ሳጥን ሥር አስቀምጧታል? በደብዳቤዎ ይህን አላነሡትም፤ እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ ነው። መልሱን ሲሰሙ ከፊትዎ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ይበልጥ የሚገባዎት ይመስለኛል።

ካሳ ልጠይቅ ወይ ብለው ካሰቡ፣ ገንዘብ አልልም። ልጆችዎ ባሉበት፣ እናትዎ በሕይወት ካሉም በእርሳቸው ፊት፣ ያን ዓመት የወደቀው እርስዎ እንዳልነበሩ በአንደበቱ ይናገር። የተመረቀችው ልጅዎ አባቷ 3.2 እንዳመጣ ከዚያ ሰው አፍ ብትሰማው ዋጋ አለው። ይህን ካደረገ በኋላ አፉ ይበሉት ወይም ጊዜ ስጠኝ ይበሉት፤ ሁለቱም የእርስዎ መብት ነው። ከተነጋገራችሁ በኋላ ልብዎ ካልቀና በሐምሌው ስብሰባ አለመገኘትም ነውር የለበትም፤ እነዚያ ጓደኞችዎ ለታኅሣሥም ይመጣሉ።

የመጨረሻውን ጥያቄዎን ሞኝነት ይሆን ብለው በአንድ መስመር አልፈውታል፤ እኔ ግን አላልፈውም። በማታና በርቀት የሚማሩ የእርስዎ እኩዮች በየከተማው አሉ፤ ባጃጅ ሲጠግኑ ውለው ማታ መማር ይቻላል። የማትሪክ ሰርተፊኬትዎን ፈልገው ያውጡ፤ ሊማሩበት ወደሚፈልጉት ተቋም ሬጅስትራር ይዘው ሄደው በዛሬው የመግቢያ መስፈርት እንዴት እንደሚታይ በአካል ይጠይቁ፤ ምዝገባው የሚዘጋበትንም ቀን ከዚያው ከመስኮቱ ላይ ራስዎ ጽፈው ይያዙ።