ገጠር መሬት ልትገዙ ስታስቡ መጀመሪያ ካውንቲውን አጥኑት

አሜሪካ ውስጥ ከከተማ ወጣ ብሎ መሬት ገዝቶ ፍየልና ዶሮ ማርባት፣ ጎመንና ቃሪያ መትከል የሚያምረው ወገን እየበዛ ነው። ብዙዎቹ የሚጠይቁኝ ስለ ኤከሩ ዋጋ ነው። እኔ ደግሞ «የትኛው ካውንቲ ነው?» ብዬ እመልሳለሁ። ካውንቲ ማለት ከስቴት በታች ያለ የአካባቢ አስተዳደር ነው። በድንበር የሚገናኙ ሁለት ካውንቲዎች ደንባቸው ሰማይና ምድር ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ቤታችሁን እስክትሠሩ ተጎታች ቤት አቁማችሁ እንድታድሩ ይፈቅዳል፣ ሌላው በዚያው ያስቀጣችኋል።

ከሁሉም በፊት ውሃ ነው። ዴንቨርና ኦሮራ ያላችሁ፣ ደቡብ ኮሎራዶ ኮስቲያ ካውንቲ ውስጥ 5 ኤከር በርካሽ የሚል ማስታወቂያ ሳይደርሳችሁ አይቀርም። 5 ኤከር 2 ሄክታር ገደማ ነው፤ አገር ቤት ቢሆን ቤተሰብ የሚያኖር መሬት ነበር። ካውንቲው ያለበት የሳን ሉዊስ ሸለቆ ሜዳ ግን በዓመት 250 ሚሊ ሜትር ዝናብ እንኳ አያገኝም፤ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውርጩ ቶሎ መጥቶ ዘግይቶ ይሄዳል። በዚያ ላይ ከ35 ኤከር በታች ለሆነ ቦታ በአብዛኛው የሚሰጠው የጉድጓድ ፈቃድ ለቤት ውስጥ አገልግሎት ብቻ ነው። በዚያ ውሃ አንድ መደብ ጎመን ማጠጣት ወይም አንዲት ፍየል ማርካት ክልክል ነው። የጣሪያ ውሃስ ካላችሁ፣ ከ2016 ጀምሮ ለመኖሪያ ቤት የተፈቀደው ሁለት በርሜል፣ በድምሩ 110 ጋሎን ነው። እንግዲህ ዋጋው ለምን እንደረከሰ ገባችሁ። በምሥራቅ በኩል፣ ለምሳሌ በቨርጂኒያው ሸናንዶዋ ሸለቆ፣ ውሃው የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ሥሩ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ የጎረቤት እበት በስንጥቁ ሰርጎ ጉድጓዳችሁ ሊገባ ይችላል። ባክቴሪያና ናይትሬት ሳታስመረምሩ አትጠጡ።

ቀጥሎ ሴፕቲክ፣ ማለትም የቤቱን ፍሳሽ ተቀብሎ ወደ አፈር የሚያሰርገው ጉድጓድ ነው። አፈሩ ፍሳሽ የማያሰርግ ከሆነ የጤና ቢሮው ተራውን ሴፕቲክ አይፈቅድም፤ ያለሱ ደግሞ በአብዛኛው ካውንቲ የቤት ፈቃድ የለም። የፌዴራሉ ግብርና መሥሪያ ቤት «ዌብ ሶይል ሰርቬይ» የሚባል ነጻ ካርታ አለው። መሬቱን በመዳፊት ከልሉና ስለ ሴፕቲክ ጠይቁት፤ ቦታው ቀይ ሆኖ «ቬሪ ሊሚትድ» (ብዙም የማይመች) ካለ ወጪው እንደሚበዛ እወቁ። ይህ ካርታ ግን በቦታው የሚደረገውን ምርመራ አይተካም።

ከዚያ ለካውንቲው የፕላን ቢሮ ደውሉ። በትንንሽ ካውንቲ ስልኩን የሚያነሳው ሰው ጊዜ አለው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ወሬም ይወዳል። የፓርሰል ቁጥሩን (የመሬቱን መለያ ቁጥር) ስጡትና ስንት እንስሳ ማርባት እንደሚቻል፣ ወላጆቻችሁ ሲመጡ ሁለተኛ ትንሽ ቤት መሥራት እንደሚፈቀድ፣ መንገዱን በረዶ ሲዘንብ ካውንቲው ይጠርግ እንደሆነ ጠይቁት። የቴክሳስ ካውንቲዎች በአብዛኛው የዞኒንግ ሥልጣን፣ ማለትም የትኛው መሬት ለምን እንደሚውል የመወሰን ሥልጣን የላቸውም። ደስ ይላል፤ ግን እናንተን ያልከለከለ ጎረቤታችሁንም አይከለክልምና አጠገባችሁ የአሮጌ መኪና ማከማቻ ቢከፍት በዞኒንግ አታስቆሙትም። እዚያው ቴክሳስ፣ የግብርና ግምት ተሰጥቶት ግብሩ ያነሰ መሬት ከሆነም፣ አጠቃቀሙን ስትቀይሩ የ3 ዓመቱ ልዩነት ተሰልቶ ሊጠየቅ ይችላል።

ሕጋዊ መግቢያ መንገድ መኖሩንና የማዕድን መብቱ ከመሬቱ ተነጥሎ አለመሸጡን በታይትል ምርመራ (የባለቤትነት መዝገቡን በማስመርመር) አረጋግጡ፤ ዌስት ቨርጂኒያ ላይ የማዕድን መብት ተነጥሎ መሸጡ የተለመደ ነገር ነው። ኢንሹራንስም ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ከእሳት አደጋ ጣቢያ ከ5 ማይል በላይ ከራቃችሁ ይወደዳል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ቄራ ነው። «ለፋሲካ በግና ፍየል ለወገን እሸጣለሁ» የምትሉ፣ ሥጋ ለመሸጥ እንስሳው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ባለበት ቄራ መታረድ አለበት። ለባለቤቱ ብቻ የሚያርደው ቄራ ጥቅሉ ላይ «ኖት ፎር ሴል» (አይሸጥም) ብሎ ያትምበታል፣ ያንን መሸጥ ጥፋት ነው። የሚያዋጣው መንገድ እንስሳውን ከነነፍሱ ሸጦ ገዥው በራሱ ስም ማሳረዱ ነው። እናም በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ስንት ቄራ እንዳለና ለበዓል ሰሞን ተራ ከስንት ወር በፊት እንደሚያዝ ጠይቁ። ሁለት ወር ሙሉ የማያስገባችሁ ከሆነ በጎቹን የምትቀልቡት በከንቱ ነው።

በሰኔ አይታችሁ አትወስኑ፤ በየካቲት ጭቃና በረዶ ሳለ፣ ከተቻለ ማታ፣ ከመሬቱ እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ራሳችሁ ንዱ። በግዢ ውሉ ላይ ደግሞ ግዢው የሚጸናው የጉድጓድና የሴፕቲክ ፈቃድ ሲገኝ ነው የሚል አንቀጽ አስገቡ። ሻጩ ይህን አልፈርምም ካለ፣ ሌላ መሬት ፈልጉ።