ባንክ ትቼ ሕፃናት ማሳደጊያ ላገልግል?

የዚህ ሳምንት ጥያቄ ከሐዋሳ የመጣ ነው። ጠያቂያችን የ27 ዓመት ወጣት ናት። በአካውንቲንግ ተመርቃ በአንድ የግል ባንክ አራት ዓመት ሠርታለች። ኬንያ፣ ናኩሩ አካባቢ በሚገኝ ክርስቲያናዊ የሕፃናት ማሳደጊያ ለአንድ ዓመት በበጎ ፈቃድ እንድታገለግል በቤተ ክርስቲያኗ በኩል ተጠይቃለች። ምግብና መኝታ አለ፤ ደመወዝ የለም። እንዲህ ትላለች፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለወላጅ አልባ ልጆች ሸክም አለኝ። እነሱን ማቀፍ፣ ማጫወት፣ ስለ ጌታ መንገር እፈልጋለሁ። ግን የዕለት ተዕለት ኑሮው ምን እንደሚመስል አላውቅም። ሥራዬን ብለቅ ሲቪዬ ይበላሻል? እናቴ ደግሞ ‹አብደሻል እንዴ?› ብላኛለች። ምን ትመክሪኛለሽ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም የምክር ሥራ ከመጀመሬ በፊት፣ በአንቺ ዕድሜ፣ እዚያው ናኩሩ አጠገብ በአንድ ማሳደጊያ 14 ወር አገልግያለሁ። ስለዚህ የምነግርሽ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ከተማዋ አታስፈራሽ። ናኩሩም እንደ ሐዋሳ የስምጥ ሸለቆ የሐይቅ ከተማ ናት። ከናይሮቢ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በማታቱ፣ ማለትም በእነሱ ሚኒባስ፣ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ከሐዋሳ ትንሽ ከፍ ስለምትል ጠዋት ጠዋት ትበርዳለች። ሹራብ ያዢ። ሰዓት እንኳ በስዋሂሊ የሚቆጥሩት እንደኛ ነው፤ ጠዋት ላይ 1 ሰዓት፣ 2 ሰዓት ይላሉ። ይህን ያወቅሁ ቀን ግማሽ አገሬ የገባሁ መሰለኝ።

ቀኑ የሚጀምረው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነው። ውሃ ይቀዳል። ኡጂ የሚባል ቀጭን አጥሚት በትልቅ ድስት ይጣዳል። ከዚያ ልጆቹ ይቀሰቀሳሉ። በእኛ ቤት 43 ነበሩ። አንዱ ካልሲው ጠፍቶበታል። የሌላው የደንብ ልብስ ቁልፉ ተበጥሷል። አንዷ ደግሞ አልጋዋ ላይ ሸንታ፣ አፍራ፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ ተደብቃለች። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ፣ ፊት ታጥቦ፣ ጸሎት ተደርጎ 1 ሰዓት ላይ ወደ ትምህርት ቤት ይወጣሉ።

ግቢው ጸጥ ሲል ሥራ ያለቀ ይመስላል። ገና ነው። የ43 ልጅ ልብስ በእጅ ይታጠባል። ቦሎቄ ይለቀማል። የታመመ ልጅ ካለ ክሊኒክ ይዞ ሄዶ ወረፋ መጠበቅ አለ። ምሳ ብዙ ጊዜ ጊቴሪ ነው፤ በቆሎና ቦሎቄ አንድ ላይ የተቀቀለ፣ የእኛን ንፍሮ የሚመስል። እራት ኡጋሊ፣ ማለትም ጠንከር ያለ የበቆሎ ገንፎ፣ ከሱኩማ ዊኪ ጋር። ሱኩማ ዊኪ ጎመን ነው። ስሙ በስዋሂሊ «ሳምንቱን ግፋ» ማለት ነው፤ ገንዘብ ሲያጥር ሳምንቱን የሚያሻግረው እሱ ነውና። እንጀራ ትናፍቂያለሽ። በርበሬ ከቤትሽ ይዘሽ ሂጂ።

ማታ የቤት ሥራ፣ ከዚያ መዝሙርና ጸሎት። ይህ ሰዓት ዛሬም ይናፍቀኛል። ከበሮው ባዶ ጀሪካን ነበር። ቃሉን ሳላውቅ ሁሉ አብሬ እዘምር ነበር።

«ስለ ጌታ መንገር» ብለሻል። ልጆቹ ስለ ጌታ ጠዋት ይሰማሉ፣ ማታ ይሰማሉ፣ እሑድ ደግሞ ግማሽ ቀን ይሰማሉ። በቤቱ ውስጥ የሚያዩት ግን አልጋዋ ላይ የሸናችውን ልጅ ማን ሳይቆጣ እንዳጠባት ነው። እዚህ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ወድቄያለሁ። ደክሞኝ ጮኼባቸዋለሁ። ከዚያ ዝቅ ብዬ ይቅርታ የጠየቅሁባቸው ቀናት፣ ካስተማርኳቸው የእሑድ ትምህርቶች ሁሉ የበለጠ ያስተማሩ ይመስለኛል።

አሁን ከበድ ወዳለው ልምጣ። የደረስኩ ዕለት አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ ሮጦ መጥቶ እግሬን አቀፈኝ። አለቀስኩ። «ጌታ ሆይ፣ ለዚህ ነው የጠራኸኝ» አልኩ። በሳምንቱ የጎብኚዎች ቡድን መጣ። ያው ልጅ ሮጦ የማያውቃትን ሴት እግር አቀፈ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ቡድን መጣ። እንደገና እንደዚያው አደረገ። ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ቤት ያደገ የአራት ዓመት ልጅ እንግዳ ሲመጣ እናቱ ቀሚስ ሥር ነው የሚደበቀው። ይህ ልጅ የሚደበቅበት ቀሚስ አልነበረውም።

ነገሩ በጥናትም ታይቷል። በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት፣ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናትን ተከታትለዋል። ግማሾቹ በዕጣ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ተወሰዱ። ቤተሰብ ያገኙት ልጆች በአእምሮ እድገትም፣ ከአንድ ሰው ጋር በመቆራኘትም ተሻሉ። በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የተወሰዱት። ትንሽ ልጅ የሚፈልገው ነገም ከነገ ወዲያም የሚያገኘውን ሰው ነው። አንቺ ደግሞ የአንድ ዓመት ሰው ነሽ። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ከግሸን ማርያም ሲመለሱ ይዘዋቸው በመጡ ሁለት ሕፃናት ማሳደጊያቸውን ጀመሩ። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ አርባ ዓመት ገደማ ከልጆቹ አልተለዩም። ለልጅ እናት መሆን ይህን ያህል ጊዜ ይጠይቃል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ሂጂ፤ ግን እናት ልሁን ብለሽ አትሂጂ። እናቶቹ እዚያ አሉ። ሌሊት የሚነሱት፣ የትኛው ልጅ ጨለማ እንደሚፈራ የሚያውቁት፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላም የሚቀሩት ሞግዚቶቹ ናቸው። አንቺ የእነሱን እጅ አበርቺ።

እዚህ ላይ ሙያሽ ይመጣል። እኔ በሄድኩ በስድስተኛው ወር ለሞግዚቶቹ ደመወዝ ሳይከፈል ሁለት ወር አለፈ። ገንዘብ ጠፍቶ አልነበረም። ገንዘቡን የሚልኩት አብያተ ክርስቲያናት የሩብ ዓመቱን ሪፖርት እየጠበቁ ነበር። ሪፖርቱን የሚሠራ ሰው አልነበረም። ደረሰኙ በካርቶን ተከምሯል። ገበያ ላይ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ደረሰኝ አትሰጥም፤ ያለው ማስረጃ የኤም ፔሳ የስልክ መልእክት ብቻ ነው። እሱንም ያጠፉት ነበሩ። በመጨረሻ አንዷ ሞግዚት ሥራ ለቃ ወደ ናይሮቢ ሄደች። ዘጠኝ ዓመት የሠራች ሴት ናት። ልጆቹ ለሳምንታት በር በሩን ሲያዩ ሰነበቱ። እኔ እዚያ ሆኜ ልጅ ማጫወት እችል ነበር፤ ያንን ካርቶን ግን መፍታት አልቻልኩም። አንቺ ብትሆኚ ኖሮ በአንድ ወር ታስተካክዪው ነበር።

ገባሽ? ልጆችን ማቀፍ ፈልገሽ ሳለ የሒሳብ መዝገብ ላይ ቁጭ በይ ማለቴ መሆኑን አውቃለሁ። ቅር ሊልሽ ይችላል። ግን ደረሰኝ ሲደራጅ ሪፖርት ይደርሳል፣ ሪፖርት ሲደርስ ደመወዝ ይከፈላል፣ ደመወዝ ሲከፈል ሞግዚቷ ትቆያለች፣ ሞግዚቷ ስትቆይ ልጁ የሚደበቅበት ቀሚስ ያገኛል። ማታ ማታ የቤት ሥራ አግዣቸው፣ ዘምሪ፣ ተጫወቺ። ቀኑን ግን ለሙያሽ ስጪው።

ሌላም የምትጠይቂው ነገር አለ። በኬንያ የትምህርት ዓመት በነሐሴ ዕረፍት አለ። በመጀመሪያው ዕረፍት አንዲት አያት በማታቱ መጥተው ሁለት እህትማማቾችን ወሰዱ። ከዚያ አጎት መጣ። ከዚያ እናት መጣች። እኔ «ወላጅ አልባ» ስላቸው የነበሩት ልጆች አብዛኞቹ የሚወስዳቸው ዘመድ ነበራቸው። ማሳደጊያ ያስገባቸው ድህነት ነው፤ የትምህርት ቤት ክፍያና የዕለት ምግብ። ይህ የእኛ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ በማሳደጊያ ካሉ ልጆች ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው።

የኬንያ መንግሥት በ2017 አዳዲስ ማሳደጊያዎችን መመዝገብ አቁሟል። በ2022 ደግሞ አዲስ የሕፃናት ሕግ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ልጆችን በአሥር ዓመት ውስጥ ከማሳደጊያ ወደ ቤተሰብ ለመመለስ ስትራቴጂ አጸደቀ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እኛ ወንጌላውያን ከልጅነታችን የጆርጅ ሙለርን ታሪክ ሰምተናል፤ በ1836 በእንግሊዝ ብሪስቶል የጀመረውን፣ በዕድሜ ዘመኑ ከአሥር ሺህ በላይ ልጆች ያሳደገውን። የእሱ ድርጅት ራሱ ዛሬ እንደዚያ ያሉ ቤቶችን አያስተዳድርም። የያዕቆብ መልእክት ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ሲጠራ ባልቴቶችንም አብሮ እንደሚጠራ ልብ በዪ። ለእኔ ይህ የገባኝ እነዚያን አያት ካየሁ በኋላ ነው፤ ልጁን መርዳት የሚያሳድገውን ዘመድ ከመርዳት አይለይም።

ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ለቤቱ ኃላፊ ጻፊ። በመንግሥት የሕፃናት አገልግሎት ተመዝግበዋል? ከልጆቹ ስንቶቹ ቤተሰብ አላቸው? ወደ ቤተሰብ ለመመለስ የሚሠራ ሶሻል ዎርከር አለ? የሕፃናት ጥበቃ ደንባቸውን ሊልኩልሽ ይችላሉ? ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ይጠይቁሻል? ይህን የመጨረሻውን በደንብ እዪው። ማንነትሽን ሳያጣራ ልጅ አምኖ የሚሰጥሽ ቤት፣ ለማንም ይሰጣል። እንዲህ ካለው ቤት ቅሪ። የልጆቹን ፎቶ ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ፌስቡክ ላይ የሚለጥፍ ከሆነም ለምን ብለሽ ጠይቂ። አንቺም አትለጥፊ።

ወረቀቱን በአጭሩ። ለጉብኝት መግባትና ማገልገል አንድ አይደሉም። ደመወዝ ባታገኚም ፈቃድ ያስፈልግሻል። ለሃይማኖትና ለበጎ አድራጎት ሥራ የሚሰጠው «ክላስ አይ» ይባላል፤ ማመልከቻውን የሚያስገባው የሚቀበልሽ ድርጅት ይሁን። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድሽን አትርሺ። የጤና መድን ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይቀመጥ። የመመለሻ ትኬት ገንዘብ ደግሞ በራስሽ ስም፣ በራስሽ አካውንት ይሁን። ከቤቱ ጋር ባትስማሚ በማግሥቱ መመለስ መቻል አለብሽ።

ባንኩን በተመለከተ፣ መልቀቂያ ከማስገባትሽ በፊት የአንድ ዓመት ያለ ደመወዝ ፈቃድ በደብዳቤ ጠይቂ። እምቢ ሊሉሽ ይችላሉ። ግን ሳይጠየቅ የተፈቀደ ነገር የለም። የሠራተኛ ብድር ካለብሽ ስትለቂ ወለዱና አከፋፈሉ እንዴት እንደሚለወጥ አስቀድመሽ እወቂ። ለጡረታ የአንቺ 7 በመቶና የአሠሪሽ 11 በመቶም ለዚያ ዓመት አይገባልሽም። ይህን ዋጋ አውቀሽ ክፈዪው።

ሲቪሽ? «አንድ ዓመት በጎ ፈቃደኛ» ብለሽ በአንድ መስመር ካለፍሽው ቀጣሪ ባዶ ዓመት ነው የሚያየው። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት የሥራ መደብ ስም ተስማሙ፤ የፋይናንስ ኦፊሰር ለምሳሌ። ሥራሽ በወረቀት ይዘርዘር። እዚያ ስትደርሺ ሒሳቡን እንደ ኩዊክ ቡክስ ወይም ፒችትሪ ባለ የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ አስገቢው። የለጋሽ ሪፖርት ሥሪ፣ በጀት አዘጋጂ፣ አንዷን ኬንያዊት ሠራተኛ አሠልጥነሽ አስረክቢ። የባንክ ሰው ብዙ ጊዜ የለጋሽ ገንዘብ አያያዝ አያውቅም። አዲስ አበባ ያሉ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ደግሞ ለፋይናንስ ሥራ ሲቀጥሩ ይህን ነው የሚፈልጉት። ስትመለሺ ማኅተም ያለበት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሳትይዢ እንዳትወጪ።

እናትሽን አትከራከሪያቸው። የእኔም እናት «የሰው አገር ልጅ ከማሳደግ የራስሽን ውለጂ» ብላኝ ነበር። ፍርሃት እንጂ ክፋት አልነበረም። እኔ ያደረግሁት ከሞግዚቶቹ አንዷን በስልክ ማገናኘት ነው። አንዷ አማርኛ፣ አንዷ ስዋሂሊ፤ እኔ በመሃል በተሰባበረ ቋንቋ አስተርጓሚ። ሁለቱም የጠየቁት ያው ነበር። እናቴ «ትበላለች ወይ?» አለች። ያቺም «እዚያ ቤት ስትሆን ትበላለች?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ እናቴ በርበሬውን ራሷ ደልዛ አሰናዳችልኝ።