ከተርቡ ስም ኋላ ያለው «ሶሱር» ማን ነው?

ከአንድ ተርብ ሳይንሳዊ ስም ኋላ «ሶሱር፣ 1853» የሚል አይተህ ማን እንደሆነ ጠይቀሃል። ይህ ጽሑፍ ዝርያውን የሰየመውን ሰውና ዓመቱን ያሳያል፤ ሰውዬው ግን የቋንቋ ሊቁ ፈርዲናንድ ደ ሶሱር አይደለም። አባቱ አንሪ ደ ሶሱር ነው። ዓመቱ ራሱ ይነግርሃል፤ ፈርዲናንድ የተወለደው በ1857 እ.ኤ.አ. ነው።

አንሪ (1829–1905) የጄኔቫ ሰው ነው። በተለይ ተርቦችን፣ ፌንጣዎችንና አንበጣዎችን ያጠና ነበር። በሃያዎቹ ዕድሜው ስለ ተርቦች ትልቅ ሥራ ማሳተም ጀመረ። ከ1854 እስከ 1856 ደግሞ ሜክሲኮ ሄዶ ነፍሳት ሰበሰበ። አብሮት የሄደው ሱሚክራስት እዚያው ቀረ። እኔ አንሪን በጣም ነው የማደንቀው፤ የልጁ ዝና ስለጋረደው ብዙ ሰው ሥራውን አያውቅለትም።

የአልፕስ ተራራ አጥኚው ኦራስ ቤኔዲክትም ሌላ ሰው ነው፤ የአንሪ አያት። እሱ በ1799 ስላረፈ ከዚህ ስም ጋር አታገናኘው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። የዝርያው ስም ላይ «ሶሱር» በቅንፍ ውስጥ ከሆነ ቅንፉን እንዳታወጣው። ትርጉም አለው፤ አንሪ ዝርያውን ሲሰይም የመደበው በሌላ ጂነስ (ተቀራራቢ ዝርያዎችን የያዘ ምድብ) ሥር ነበር፣ በኋላ ተዛውሯል ማለት ነው። እኔ አንዴ ለማሳመር ብዬ ከአንድ ሙሉ ዝርዝር ላይ ቅንፎቹን አጥፍቼ፣ እያንዳንዱን ስም እንደገና ማጣራት ነበረብኝ።