መልስ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ለጥርስ ክሊኒክ የሚሆን ቤት

ዶክተር፣ ያገኙት ባለ አንድ ፎቅ የንግድ ቤት ለጥርስ ክሊኒክ ይሆናል ወይ ብለው ጠይቀዋል። ይሆናል፤ ግን ግራውንዱን ይያዙ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶች ደረጃ አይውጡ።

ከሁሉ በፊት ወለሉን ይዩ። የጥርስ ወንበር የውሃ፣ የፍሳሽ፣ የአየርና የመብራት መስመር በሥሩ ይፈልጋል። ስለዚህ ሴራሚኩ ተነስቶ ይቆፈራል ማለት ነው። አከራዩ ይህን መፍቀዱን ውሉ ላይ ያስፍሩ፤ በቃል ብቻ እሺ እንዳይሉ።

ለወንበሩ የታመቀ አየር የሚሰጠው ኮምፕረሰር ስለሚጮህ ከጓሮ ለብቻው ቢሆን ይሻላል። ከተማዋ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ አቅሙ ከፍ ያለውን ይግዙ። ውሃም እዚህ 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። መቀቀልማ የትም ቢሆን መሣሪያን ከጀርም ሙሉ በሙሉ አያጸዳም። ለአውቶክሌቭ (መሣሪያን በታመቀ ትኩስ እንፋሎት ከጀርም ለሚያጸዳው ማሽን) የራሱ ክፍል ይስጡት፤ የቆሸሸው መሣሪያ በአንድ በኩል ገብቶ ንጹሑ በሌላ በኩል ይውጣ። በዚህ አይደራደሩ፣ የሰው ሕይወት ነው።

ለኤክስሬይ ግድግዳው ይበቃ እንደሆነ የጨረር ባለሙያ ያሳዩ። ሮቶ ከሌለ ያስተክሉ፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ እንዳይጎዳው ከውጭ ያለውን ቧንቧ ያስሸፍኑ። ከመፈረምዎ በፊት ደግሞ ጠዋትም ማታም ሄደው ቧንቧውን ከፍተው ይዩ።