የአንባቢያን ጥያቄ፦ ምንጭ ያልተጻፈበት የትውልድ ሐረግ እንዴት ይጣራል?

ጥያቄ

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፤ የምኖረው ቢቸና ነው። አባታችን ያረፉት አምና ሲሆን፣ ወንድሞቼ ለሙት ዓመታቸው የቤተሰቡን የትውልድ ሐረግ በትንሽ መጽሐፍ አሳትመን ለዘመድ እናድል ብለው ተነሥተዋል። ታናሽ ወንድሜ በኢንተርኔት ያገኛቸው ሦስት የዘር ሐረግ ገጾች አያታችን በወንድ ወንድ ሲቆጠሩ ከጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አምስተኛ ትውልድ ናቸው ይላሉ። ስሞቹ በሦስቱም ላይ አንድ ናቸው፤ እኛ «ተድላ» የምንለው የአያታችን አያት ስም በሦስቱም ላይ «ታድላ» እንዲባል ሆኖ በላቲን ፊደል ተጽፏል። መረጃው ከየት እንደተገኘ ግን አንዱም አይናገርም። አያታችን በ1912 ተወለዱ ይላሉ፤ ቤተሰቡ 1915 ነው ሲል ሰምቻለሁ። በአያታችን ዳዊት መጨረሻ ቅጠል ላይ ደግሞ «በዘመነ ሉቃስ በኅዳር ሚካኤል ተወለደ» የሚል ጽሑፍ አለ። የ84 ዓመቷ የአባታችን እህት «ከንጉሡ ዘር ነን ሲባል ሰምቼ አላውቅም» ይላሉ፤ ወንድሞቼ ረስተውት ነው ባዮች ናቸው። ሦስት ገጽ የመሰከረውን እንመን ወይስ አክስታችንን?

መልስ

ለውድ አንባቢያችን፤ እግዚአብሔር የአባትዎን ነፍስ በደጋጎቹ አባቶች አጠገብ ያሳርፍልን።

ወንድሞችዎ በአንድ ወገን ሦስት፣ በሌላው ወገን አንድ ምስክር የቆመ መስሏቸዋል፤ ሦስቱ ገጾች ግን ሦስት ምስክሮች አይደሉም። የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሁሉም እንደመሰለው ስለሚጽፈው፣ ሦስት ሰዎች በየራሳቸው ጠይቀውና መርምረው ቢጽፉት ኖሮ ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ባገኙ ነበር። ሦስቱም «ተድላ»ን በአንድ ዓይነት ማሳሳታቸው አንዱ ከሌላው እንደገለበጠ፣ ወይም ሁሉም ከአንድ ቦታ እንደቀዱ የሚያሳይ ነው። እንደ ፋሚሊሰርችና ጌኒ ባሉት የጋራ የዘር ሐረግ አገልግሎቶች ላይ ተጠቃሚው ራሱ ስም ይጨምራል፣ ሁለት መዝገቦችንም የአንድ ሰው ናቸው ብሎ ያዋሕዳል። ስለዚህ በአንድ ቀን ግምት የገባ ስም በሌሎች ሐረጎች ውስጥ ሲደጋገም፣ ብዛቱ ብቻ እውነት ያስመስለዋል።

ቀጥሎ ዘመኑን እናስላ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተወለዱት በ1840 ገደማ ነው፤ በጥር 1873 በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ እጅ ነገሡ፣ በጥር 1893 ዐረፉ። አያትዎ በ1915 ከተወለዱ በሁለቱ ልደቶች መካከል ያለው 75 ዓመት ነው። በዚህ ውስጥ አምስት ትውልድ እንዲገባ እያንዳንዱ አባት በአማካይ በ15 ዓመቱ መውለድ ይኖርበታል። በአገራችን ሴት ልጅ በለጋ ዕድሜዋ ትዳር ስለነበር፣ በ15 ዓመቷ የወለደች እናት በአንድ ሐረግ ውስጥ አንድ ሁለት ጊዜ ብትገኝ አይደንቅም፤ አምስት ወንዶች ተከታትለው በዚያ ዕድሜ አባት ሆኑ የሚለው ግን የሚያሳምን አይደለም። ለአንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት ብንይዝ በ75 ዓመት ውስጥ የሚገባው ሁለት ወይም ሦስት ትውልድ ነው። ከዚህም ሌላ፣ አያትዎ የተወለዱት ንጉሡ ካረፉ ከ22 ዓመት በኋላ ነው። በአካል የሚያውቋቸው ሰዎች በየቀዬው በነበሩበት ዘመን ያደገ ቤተሰብ የንጉሥ ዘር ሆኖ ሳለ ለገዛ ልጁ አንድ ቀን እንኳ ሳያነሣላት ቀረ ማለት ይከብዳል። አክስትዎ «ሰምቼ አላውቅም» ማለታቸውን የመርሳት ምልክት ሳይሆን ራሱን የቻለ ማስረጃ አድርጌ ነው የማየው።

ከደብዳቤዎ ሁሉ ልቤን የነካው ዳዊቱ ነው። ያ አንድ መስመር ከሦስቱ ገጾች ይበልጣል፤ በልደቱ ሰሞን፣ በቤት ውስጥ፣ ማንንም ለማስደነቅ ሳይታሰብ የተጻፈ ይመስላልና። የሚፈተንበት መንገድም አለው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረው ለአራት ሲያካፍሉት አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። 1912 ሲደመር 7412 ስለሚሆንና ለአራት ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ እንግዲያው ገጾቹ ላይ ያለው ዓመት ከዳዊቱ ጋር አይስማማም። 1915 ግን 7415 ሆኖ ሦስት ስለሚተርፈው በትክክል ዘመነ ሉቃስ ነው። ይሁን እንጂ ሉቃስ በየአራት ዓመቱ ስለሚመለስ 1911 እና 1919ም ይገባሉ፤ እነዚህን ማጣራት ያስፈልጋል። የ1911 ኅዳር ሰው የረገፈበት የኅዳር በሽታ ወር ነው፤ አያትዎ በዚያ ወር፣ ያውም በኅዳር 12 ተወልደው ቢሆን ልደታቸው ከበሽታው ጋር ተያይዞ ሲነገር ይኖር ነበር ብዬ አምናለሁ። በ1919 ተወለዱ ካልን ደግሞ በ1933 ገደማ የተወለዱትን አክስትዎን የወለዱት በ14 ዓመታቸው ሊሆን ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ በቃል ያቆየው 1915 ጸንቶ ይቆማል።

ሐረጉ እንዴት እንደተሳሳተ ለመገመትም አያስቸግርም። ንጉሡ ከመንገሣቸው በፊት ራስ አዳል ተሰማ ይባሉ ነበር፤ አባታቸው ደጃዝማች ተሰማ፣ አያታቸው ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ናቸው። ይህን የማያውቅ ሰው አዳልንና ተክለ ሃይማኖትን አባትና ልጅ አድርጎ አንድ ትውልድ ሊጨምር ይችላል። ከጎንደር ነገሥታት መካከልም ተክለ ሃይማኖት የተባሉ ሁለት ዐፄዎች ነበሩ። ራስ ኃይሉ ሲባልም ጎጃም ቢያንስ ሦስት ያውቃል፦ በጥንቱ ዘመን የነበሩት ራስ ኃይሉ ዮሴዴቅ፣ የንጉሡ ልጅ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት፣ የንጉሡ የልጅ ልጅ ራስ ኃይሉ በለው። እኛ የቤተሰብ መጠሪያ ስለሌለንና አንድን ሰው ከሌላው የምንለየው በአባቱ ስም ስለሆነ፣ «ተድላ» የሚል ስም በሁለት ቦታ መገኘቱ ብቻ ምንም አያስረዳም። አባቱ፣ አገሩ፣ ከተቻለም ስመ ክርስትናው መግጠም አለበት። የማይዋሹ የቤት ሽማግሌዎች እንኳ የፈረስ ስምን ከመጠሪያ ስም ጋር ሲያቀላቅሉ አጋጥሞኛል።

አባቶቻችን ግን ይህን ነገር ያለ ማጣሪያ አልተዉትም ነበር። በጎጃም ትውልድ ይቆጠር የነበረው በዋናነት ለርስት ነው። አንድ ሰው በአንድ አገር ርስት ይገባኛል ካለ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ከአቅኚው አባት ጀምሮ በምንዝር አባቱ (ርስቱ ሲከፋፈል አንዱ ድርሻ በስሙ በተያዘው የአቅኚው ተወላጅ) በኩል እስከ ራሱ ድረስ ይቆጥራል፤ ቆጠራው ቢጸና መሬታቸው የሚቀነስባቸው ሰዎችም ፊት ለፊት ተቀምጠው ይሰማሉ። «እገሌ የእገሌ ልጅ አይደለም፣ የእንጀራ ልጁ ነው» የሚል ይነሣል፣ ሽማግሌ ይጠየቃል፣ ነገሩ ዳኛ ፊት ይደርሳል። እርግጥ ነው፣ ርስት ፈልጎ ስም የጨመረም ነበር፤ ነገር ግን የጨመረ ሰው የሚያጋልጠው ባላጋራ ነበረው። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ሲቆጠርም የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች በየራሳቸው የሚያውቁትን አምጥተው ያመሳክራሉ። የካቲት 1967 መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ሲታወጅ ርስት ቀረ፣ ልጅም ቆጠራ የሚማርበት ምክንያት አብሮ ቀረ። የዛሬው የኢንተርኔት ሐረግ የጎደለው ይህ ተከራካሪ ነው፤ ስም ቢጨመር የሚጎዳ ሰው ስለሌለ የሚቃወምም የለም።

አንድ ጊዜ ማቻከል ውስጥ አንድ አረጋዊ በጣቶቻቸው አንጓ እየቆጠሩ ሲነግሩኝ ሰባተኛው ላይ አውራ ጣታቸውን ይዘው ቆሙና «እስከዚህ ከአባቴ የተቀበልኩት ነው፤ ከዚህ በላይ ያለው ወሬ ነው» አሉኝ። እስከ ዛሬ ከሰማሁት ቆጠራ ሁሉ እንደዚያ ያመንኩት የለም።

ስለዚህ አክስትዎ ዘንድ ሲሄዱ «ከንጉሡ ዘር ነን ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ መልሱን ይዞ ይመጣል። «የአያታችን ርስት የት የት ነበር? በማን ተቆጥሮ ደረሳቸው? ከማን ጋር ተካሰሱ? ይህን ለእርስዎ የነገረዎት ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ፣ በፈቃዳቸውም ድምፃቸውን በስልክዎ ይቅረጹ። ከዚያ በዚያው ርስት ይካሰሱ የነበሩትን ቤተሰብ ሽማግሌ ይጠይቁ፤ ያልተነጋገሩ ሁለት ወገኖች አንድ ስም ካወጡ ያ ስም የተረጋገጠ ያህል ነው። የቆየ የግብር ደረሰኝ ወይም የርስት ክርክር ውሳኔ በዘመድ ሣጥን ውስጥ ካለ ይፈለግ። ዲማ ጊዮርጊስም ለእርስዎ ሩቅ አይደለም፤ በጥንት ገዳማትና አድባራት የመሬት ስጦታና ውል በወንጌል ባዶ ቅጠሎችና ጠርዞች ላይ ይጻፍ ስለነበር በአስተዳዳሪው ፈቃድ ቢጠይቁ መልካም ነው። እዚያ የሚገኙት ግን ባብዛኛው የመኳንንትና የካህናት ስሞች ስለሆኑ፣ የአርሶ አደር አያት ስም ቢታጣ አልነበረም ማለት አይደለም። የንጉሡ ዘመን ሰው የሆኑት አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ስለ ጎጃም ትውልድ የጻፉት ታትሟልና እሱንም ያመሳክሩ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ማብቂያ ስለሆነ ለአያትዎ ዘመን አይረዳም። የዘረ መል ምርመራም ዘመድ የሆኑ ሰዎችን ያገናኝ እንደሆነ እንጂ የቅድመ አያትን ስም አይናገርም።

ስለ መጽሐፉ፦ ይታተም፤ ስለ ንጉሡ የሚለው ግን ይውጣ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ማን እንደተናገረውና መቼ እንደተጠየቀ ይጻፍ፤ በአንድ ሰው ቃል ብቻ የቆመውም «እንደሚባለው» ተብሎ ይለይ። የዳዊቱ ቅጠል ፎቶግራፍም ይግባበት። ደግሞም በደብዳቤዎ ውስጥ የሴት አያትዎን ወገን አንድም ቦታ አላነሡም። ርስት በጎጃም በእናትም በአባትም ይወርድ ስለነበር የቤታችሁ ግማሽ ታሪክ ያለው በእሳቸው በኩል ነው፤ የእናታቸውን ሐረግ ከአፋቸው የሚያውቁት ደግሞ እኚሁ አክስትዎ ናቸው። ስለዚህ ወደ ማተሚያ ቤቱ ከመሄዳችሁ በፊት ወደ እሳቸው ሂዱ።