በ53 ዓመት ወደ ብየዳ ሥራ መመለስ

ጥያቄ፦ ብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ 18 ዓመት በያጅ ነበርኩ። ድርጅቱ ተዘጋ፤ አሁን የሄድኩበት ሁሉ ወረቀት ይጠይቀኛል። 53 ዓመቴ ነው፤ ኮሌጅ ልግባ?

መልስ፦ ከሀ ሁ መጀመር የለብዎትም። በልምድ የተማረ ሰው ኮሌጅ ሳይገባ የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሲኦሲ የምንለውን፣ መፈተን ይችላል።

አስቀድመው የሥራ ልምድ ወረቀትዎን ይያዙ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል ሲቋረጥ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ጽፎ በነጻ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ድርጅቱ ተዘግቷልና ዛሬ ነገ ሳይሉ ባለቤቱን ይፈልጉ።

ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ነው። ነባር ባለሙያን የሚጥለው የእጅ ድክመት አይምሰለን፤ ጓንትና ጭንብል ሳያደርጉ መጀመር፣ የሥራ ስዕል አለማንበብ፣ የሚያውቁት ነገር በመጽሐፍ የሚጠራበትን ስም ማጣት ነው። ስለዚህ የደረጃዎን የሙያ መስፈርት፣ ማለትም ባለሙያው ማወቅ ያለበትን የሚዘረዝረውን ሰነድ፣ ወስደው ልጅዎም ቢሆን ጮክ ብሎ ያንብብልዎት።

ለተግባሩ 6 ሚሊ ሜትር ላሜራ ላይ በ3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ)፣ ከ100 እስከ 120 አምፔር ይለማመዱ። አምፔሩ ሲያንስ ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል፤ ሲበዛ የብየዳውን ጠርዝ ይቦረቡራል። የበየዱትን በመጋዝ ቆርጠው ውስጡን ይዩ፦ ቀዳዳ ወይም ጥቁር ቅርፊት ካለ ይድገሙት።

ዓይንዎንም ይታዩ። ከ40 ዓመት በኋላ የቅርብ እይታ ይደክማል፤ የቀለጠውን ብረት አጥርቶ ማየት ሲያቅት መስመሩ ይጣመማል፣ ሰውም «እጄ ረሳ» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። አብዛኛውን ጊዜ ከጭንብሉ ሥር የሚደረግ የንባብ መነጽር ይበቃል።