በጽጌረዳ የተከበበ ስድብ

ውጭ አገር በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ለልጄ መምህርት የወጥ ቤት ፎጣ በስጦታ ሰጠሁ። ነጭ ነበር፤ ዳር ዳሩ ጽጌረዳ ተጠልፎበታል፤ መሃሉ ላይ በተጠማዘዘ የእጅ ጽሑፍ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ። ላነበው አልሞከርኩም። ጽጌረዳ የከበበው ጽሑፍ ምስጋና ወይም ምርቃት ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል ብዬ ነው። መምህርቷ ዘርግታ አየችው፤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች፤ ጽሑፉን ወደ ውስጥ አድርጋ አጠፈችውና አመሰገነችኝ። ለምን ወደ ውስጥ እንዳጠፈችው የነገረችኝ ልጄ ናት፤ ያውም ከዓመታት በኋላ፣ ያንኑ ፎጣ ሱቅ ውስጥ አይታ «አባዬ፣ ይህ ያኔ የሰጠኸው አይደለም?» ብላ ፊቷን በእጇ ስትሸፍን።

ድሮ ስድብ የተጻፈበት ዕቃ በመልኩ ያስታውቅ ነበር፤ ጥቁር ካናቴራ፣ የራስ ቅል፣ የእሳት ነበልባል። አሁን በሻማ፣ በኩባያ፣ በካልሲ፣ በሕፃን ልብስ ላይ ሳይቀር በለስላሳ ቀለም ይመጣል። ቀልዱም ከዚሁ የተሠራ ነው፤ ጥልፉ የአያት፣ ቃሉ የሰካራም። ሻጩ ገዢው ቃሉን በጨረፍታ ያነባል ብሎ ያስባል። እኛ ደግሞ ጥልፉን አይተን እንከፍላለን።

ፍሬንች ኮኔክሽን የተባለው የብሪታንያ ልብስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ስሙንና አገሩን በአራት ፊደላት (FCUK) አሳጥሮ ማስተዋወቅ ጀመረ። እነዚያ ፊደላት ከታወቀው የእንግሊዝኛ ጸያፍ ቃል የሚለዩት መሃል ያሉት ሁለቱ ቦታ በመለዋወጣቸው ብቻ ነው። በቋንቋው ያደገ ሰው ፊደል አይቆጥርም፤ በጅምላ ስለሚያነብ ስድቡን ያያል። ፊደል በፊደል የሚለቅም እንግዳ ግን የኩባንያ ምሕጻረ ቃል አይቶ ያልፋል። በኮከብ፣ በልብ ወይም በአበባ የተተካች አንዲት ፊደል ካያችሁም ጠርጥሩ፤ የተደበቀችው በከንቱ አይደለም።

አለማንበብ ግን ቀላሉ ጥፋት ነው። የከበደው አንብቦ፣ ትርጉሙንም አውቆ አለመሰማት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ካትሪን ሃሪስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ አፍ መፍቻቸው ቱርክኛ ሆኖ እንግሊዝኛን ዘግይተው የተማሩ ሰዎችን ጣት ላይ የቆዳን ምላሽ የሚመዘግብ መለኪያ አስረው ልዩ ልዩ ቃላት አቀረቡላቸው። በልጅነት የሚሰማ ቁጣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲመጣ ቆዳቸው በእንግሊዝኛ ከሚመጣው ይልቅ በኃይል ምላሽ ሰጠ። እኛም እንዲሁ ነን። የእንግሊዝኛውን ስድብ ከፊልምና ከሥራ ቦታ ለቀምነው እንጂ እናታችን ስለ እርሱ ቆንጥጣን አታውቅም። ስለዚህ ደረታችን ላይ ለጥፈነው ስንሄድ ጌጥ ይመስለናል።

መፈተኛው ቀላል ነው። በልብሱ ላይ ያለውን ቃል ወደ አማርኛ መልሱና እናታችሁ ፊት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ እንደምትሉት አስቡ። ምላሳችሁ ከታሰረ፣ አውቶቡስ ውስጥ ከፊት ለፊታችሁ የተቀመጡት አሮጊት የሚያነቡት ያንኑ ነው። የስልክ ተርጓሚ ትርጉሙን ይሰጣችሁ ይሆናል፤ ክብደቱን ግን አይመዝንላችሁም። መዝገበ ቃላት ይሻላል፤ ጥሩዎቹ ከቃሉ አጠገብ ጸያፍ መሆኑን ምልክት ያደርጋሉ።

«መብቴ ነው» ለሚለኝ ሰው፣ አሜሪካ ውስጥ ብዙውን ጊዜ እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ፖል ኮኸን የተባለ ወጣት የግዳጅ ውትድርና ምልመላን በዚያችው በእንግሊዝኛዋ ጸያፍ ቃል የሚሰድብ ጃኬት ለብሶ ሎስ አንጀለስ በሚገኝ ፍርድ ቤት ታየና የ30 ቀን እስራት ተፈረደበት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1971 ፍርዱን 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ሻረው። በ2019 ደግሞ ልብስ ነዳፊው ኤሪክ ብሩኔቲ ባነሣው ክርክር፣ ይኸው ፍርድ ቤት ነውረኛ ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዳይመዘገቡ ይከለክል የነበረውን ድንጋጌ ውድቅ አደረገ። ይህ ሁሉ የሚያስረው ግን መንግሥትን ነው። አሠሪያችሁን አያስርም። በርካታ የአሜሪካ አየር መንገዶችም ጸያፍ ልብስ የለበሰን መንገደኛ ላለማሳፈር የሚያስችላቸውን አንቀጽ በጉዞ ውላቸው አስገብተዋል። ትኬት የሚቆርጥ ሁሉ ያንን ውል ሳያነብ ይስማማል፤ እኔንም ጨምሮ። የመኖሪያ ፈቃድ ቃለ መጠይቅ የሚጠብቅ ሰውማ፣ ሕጉ ባይከለክለውም፣ ፋይሉን የያዘው ሰው ዓይን ደረቱ ላይ እንዲቀር ለምን ይፈልጋል?

ውጭ አገር ያደጉ ልጆቻችሁን ካናቴራ ግን አትቅደዱ። ለእነርሱ ነገሩ ተገልብጧል፤ የእንግሊዝኛውን ክብደት ከእኛ በተሻለ ያውቁታል፤ የት እንደሚያስቅና የት እንደሚያስቀይም ጭምር። የማይከብዳቸው የአማርኛው ነው። ሰፈር ውስጥ ጥርስ የሚያስወልቅ ቃል በግዕዝ ፊደል አሳትመው ቢለብሱ ፊደሉ ስላማረ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ልክ እኔ በጽጌረዳው እንደተሸወድኩት። ያኔ ከመቆጣታችሁ በፊት ቃሉ የሚባለው መቼና ለማን እንደሆነ ንገሯቸው።

እኔ አሁን ጽሑፍ ያለበት ነገር ስገዛ ፊቱንና ጀርባውን፣ እጅጌውንም ፎቶ አንሥቼ ለልጄ እልካለሁ። ባለፈው የላክሁላት የካልሲ ጥንድ ነበር፤ ዳክዬ ያለበት፣ ደስ የሚል ቢጫ። መልሷ አንድ ቃል ነበር፦ «መልሰው።»